ታሪክም ባሕርም በአንድ ጉዞ፦ ከናይሮቢ እስከ ማሊንዲ

እኛ ቤት የእረፍት ጉዞ ሲነሳ ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንዱ የድሮ ግንብ፣ የፈረሰ ከተማና ሙዚየም ይፈልጋል። እሱ እኔ ነኝ። ሌላው ውሃ ዳር ተጋድሞ መዋል ይፈልጋል። እሱ ባለቤቴ ነው። ልጆቹ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ እሱ ናቸው። ዘንድሮ ደግሞ እናቴ ተጨምራለች። እማዬ ጣናን አይታለች፣ ሀዋሳንና ላንጋኖን አይታለች። ባሕር ግን አይታ አታውቅም። "ማዶው የማይታይ ውሃ አሳዩኝ እንጂ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ" አለችን።

ስለዚህ እቅዱ ብዙ ነገር መያዝ አለበት። ታሪክ፣ ባሕር፣ ከአንድ በላይ ከተማ፣ ጉልበቷን የሚያማት እናትና ቶሎ የሚሰለቻቸው ልጆች። ማታ ማታ ካርታ ላይ ተደፍቼ ከርሜያለሁ። ያገኘሁት ነገር ለሌላ ቤተሰብም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ግብፅን ነበር። ጊዛ ላይ ፒራሚዶቹ፣ ሉክሶር ላይ የካርናክ ቤተ መቅደስና የነገሥታቱ ሸለቆ፣ ከዚያ ቀይ ባሕር ዳር ሁርጋዳ። ግሩም ጉዞ ነው፤ ብዙ ሰው ይሄደዋል። ምክሩም የታወቀ ነው፤ "መጀመሪያ ታሪኩን ጨርሱ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ዕረፉ" ይላሉ። ነገር ግን ሉክሶርና ሁርጋዳ መካከል የሰዓታት በረሃ አለ። ታሪኩ የዓባይ ነው፣ መዝናኛው የቀይ ባሕር ነው። ሁለት የተለያየ ጉዞ በአንድ ትኬት መሄድ ይሆናል። እንደኛ ያለ ቤተሰብ ደግሞ አብሮ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ የመጀመሪያውን ሳምንት ይታገሣል፣ ግማሹ የመጨረሻውን።

የኬንያ የባሕር ዳርቻ ከዚህ ይለያል። እዚያ ታሪኩን የሠራው ባሕሩ ራሱ ነው። ምሽጉ የቆመው ወደቡን ለመጠበቅ ነው። መስጊዱም፣ ቤቱም፣ መቃብሩም የተሠራው ከኮራል ድንጋይ ነው። የከተሞቹ ሀብት የመጣው በመርከብ ነው። ጠዋት የፈረሰ ከተማ አይቶ ከሰዓት በኋላ ውሃ ውስጥ መግባት ይቻላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው። ማንም የማንንም እረፍት አይጠብቅም። ለእኛ ደግሞ ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም። በረራውም ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ከዓመታት በፊት ለሥራ ሞምባሳ ሄጄ ነበር። ያኔ ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣም። አሁን ቤተሰቤን ይዤ በደንብ ልመለስበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወሩን ለመምረጥ መጀመሪያ ነፋሱን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ባሕር ላይ ሁለት ነፋሶች ተራ ይገባሉ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ ይሉታል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ገደማ ከደቡብ በኩል የሚነፍሰው ኩሲ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የዓረብ፣ የፋርስና የህንድ ነጋዴዎች በካስካዚ ሸራቸውን ወጥረው ወደ አፍሪካ ይወርዱ ነበር። ሸቀጣቸውን ሸጠው፣ የዝሆን ጥርስና እንጨት ገዝተው፣ ኩሲ እስኪነሳ ይጠብቃሉ። የሰው ልጅም የንግዱ አካል ነበር። ብዙዎች በባርነት በእነዚሁ መርከቦች ተጭነው ሄደዋል። ይህን ከልጆቼ አልደብቅም። ነፋስ እየጠበቀ ወራት የሚቀመጥ ነጋዴ ደግሞ ቤት ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። የስዋሂሊ ከተሞች በአፍሪካዊ መሠረታቸው ላይ እንዲህ እያሉ አደጉ።

ያው ነፋስ ዛሬ የእረፍት ወራችንን ይወስንልናል። ሚያዝያና ግንቦት ዋናው ዝናብ ነው፤ አይመከርም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አጭር ዝናብ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ፣ እኛ ክረምት ውስጥ ስንሆን፣ እዚያ አየሩ ቀዝቀዝ ያለና ነፋሻ ነው። ባሕሩ ግን ይናወጣል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ በአንዳንድ ዳርቻዎች የባሕር ሣር ይከመራል። ነሐሴ ለእማዬም አይመችም፤ ፍልሰታ ነው። ከታኅሣሥ በኋላ ግን ካስካዚ ይገባል፤ ባሕሩ ይረጋል፣ ውሃው ይጠራል። ሙቀቱ ከባድ መሆኑን ላስጠንቅቅ፤ ከ30 ዲግሪ ይበልጣል፣ ወበቁም አለ።

የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ሆቴሎች ዋጋ ይሰቅላሉ። የእኛ ገና ሲደርስ የፈረንጅ እንግዶቹ ተበትነው ነው። ስለዚህ የመረጥነው ከጥምቀት በኋላ፣ የልጆቹ የመንፈቀ ዓመት እረፍት ሲደርስ ነው። ዐቢይ ጾም አልገባም። ነነዌ ከገጠመን እማዬ ሦስቱን ቀን ትጾማለች፤ ለእሱም መላ አለን። ረመዳንም በየዓመቱ ቦታውን ስለሚቀይር ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት እሱንም እዩ። በረመዳን በአሮጌዎቹ ከተሞች ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፤ ማታው ግን ደማቅ ነው።

መንገዱን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። የመሄጃውን ትኬት ወደ ናይሮቢ፣ የመመለሻውን ከሞምባሳ አድርጉት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱም ጋ ይበራል። እንዲህ ከሆነ በሄዳችሁበት መንገድ መመለስ የለም። አንድ ሙሉ ቀን ይተርፋል።

ናይሮቢ ላይ አንድ አዳር ይበቃናል። ከተማዋን ንቄ አይደለም። የራሷ ጉዞ ይገባታል። እኛ የምንፈልገው ወደ ሞምባሳ የሚወርደውን ባቡር ነው። ማዳራካ ኤክስፕረስ የሚባለው ይህ ባቡር ሥራ የጀመረው በ2017 ነው። የእኛ የአዲስ አበባ ጅቡቲ አዲሱ መስመር ከተመረቀ ጥቂት ወራት ቆይቶ ማለት ነው። ሁለቱንም የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ከናይሮቢ ሲዮኪማው ጣቢያ ተነስቶ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ እንደ ባቡሩ ዓይነት አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ለምን በአውሮፕላን አትሄዱም ያለኝ ሰው አለ። ባቡሩ ግን ከደጋው ወደ ባሕሩ የሚወርደውን መሬት በዓይን ያሳያል። ናይሮቢ ላይ ጠዋት ሹራብ ያስለብሳል። ቮይ ላይ ስትደርስ ሹራቡ ይወልቃል። ሞምባሳ ስትወርድ ደግሞ ወበቁ በር ላይ ይቀበልሃል።

መሀል ላይ ጻቮ አለ። ባቡሩ ብሔራዊ ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል። ዝሆኖቹ በቀይ አፈር ተለውሰው ቀይ ይመስላሉ፤ ከመስኮት ይታያሉ። ልጆቹ ግን የያዙት የአንበሶቹን ታሪክ ነው። እንግሊዞች የድሮውን ባቡር ሲዘረጉ፣ በ1898፣ ሁለት አንበሶች ጻቮ ወንዝ ላይ ድልድይ የሚሠሩትን ሠራተኞች ማታ ማታ ከድንኳን እየጎተቱ በሉ። ሥራው ሁሉ ቆሞ ነበር። አንበሶቹ በመጨረሻ ተገደሉ፤ ዛሬ ቺካጎ ሙዚየም ውስጥ ቆመዋል። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከህንድ የመጡ ነበሩ። የሞምባሳን ምግብና ሰገነት ስታዩ የህንዶችም እጅ እንዳለበት አስታውሱ።

የባቡሩ ትኬት ቀድሞ ያልቃል፤ በተለይ ዓርብና እሑድ። በኢንተርኔት ይቆረጣል፣ ክፍያው በኤምፔሳ ነው። የኬንያ ሲም ከሌላችሁ እዚያ የሚያውቃችሁ ሰው ቢቆርጥላችሁ ይቀላል፤ የፓስፖርት ቁጥር ይጠየቃል። በ2024 ዋጋው ሲጨምር የኢኮኖሚው 1,500፣ የአንደኛ ማዕረጉ 4,500 ሺሊንግ ሆኗል። ለእማዬ ጉልበት ስንል አንደኛ ማዕረግ እንይዛለን። ጣቢያው ላይ ሻንጣ ተደርድሮ በውሻ ይፈተሻል፣ ወረፋም አለ። ቀደም ብሎ መድረስ ግድ ነው።

ሞምባሳ ደሴት ናት። ብዙ ቱሪስት ከጣቢያው ቀጥታ ወደ ሆቴሉ ያልፋታል። እኔ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሌሊት አድርባታለሁ። የዚህ ጉዞ ልብ እሷ ናት።

ፎርት ጂሰስ የሚባለውን ምሽግ ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ሠሩት። ንድፉን ያወጣው ካይራቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ከላይ ሲታይ እጅና እግሩን የዘረጋ ሰው ይመስላል። ግንቡ የቆመው ኮራል አለት ላይ ነው፤ የት ላይ አለቱ አልቆ ግንቡ እንደሚጀምር ለመለየት ያስቸግራል። ጠዋት ገና እንደተከፈተ መግባት ነው። ከረፋዱ በኋላ ግቢው ጥላ የለውም፤ ከድንጋዩ የሚመለሰው ሙቀት ያደክማል።

እዚያ ግንብ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ጎንደርን ነበር። በ1631 የሞምባሳ ገዢ የሱፍ ቢን ሐሰን የሚባል ሰው ነበር። አባቱ የተገደለው ከፖርቱጋሎች ጋር ተጣልቶ ነው። ልጁን በሕፃንነቱ ጎዋ ወስደው በካቶሊክ እምነት አሳደጉት፤ ስሙንም ዶን ጄሮኒሞ አሉት። አድጎ ሲነግሥ ግን አንድ ቀን ወደ ምሽጉ ገባና የፖርቱጋሉን አዛዥ ገደለ። ወደ አባቶቹ እስልምና መመለሱን አወጀ። በከተማው የነበሩ ክርስቲያኖች ሃይማኖታችሁን ቀይሩ ተባሉ፤ እምቢ ያሉት ተገደሉ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በዓመቱ፣ በ1632፣ እኛ ጋ አፄ ሱስንዮስ በካቶሊክ እምነት ምክንያት ሕዝቡ ደም ከተፋሰሰ በኋላ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አስወጡ፣ ጎንደርን ቆረቆሩ። ሁለቱ አገሮች አልተማከሩም። ነገር ግን ከአንድ ኃይል ጋር፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ጥያቄ ላይ ተጋጠሙ። ትምህርት ቤት የተማርነው የጎንደር ታሪክ ባሕር ማዶ ጎረቤት እንዳለው ያወቅሁት እዚያ ግንብ ላይ ነው። ልጆቼ ይህን እዚያው ቆመው እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

ምሽጉን በኋላ የኦማን ዓረቦች ከበቡት። ከበባው በ1696 ተጀምሮ በ1698 መጨረሻ ነው ያበቃው። ውስጥ የነበሩትን የጨረሰው ከጥይቱ ይልቅ ረሃብና በሽታ ነው። ለእርዳታ ከመጡት መርከቦች አንዷ ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና በ1697 እዚያው ምሽጉ ሥር ሰጠመች። ከባሕሩ ሥር የወጡ ዕቃዎቿ ሙዚየሙ ውስጥ አሉ። እንግሊዞች ደግሞ ምሽጉን እስር ቤት አደረጉት። ዛሬ የዓለም ቅርስ ነው፤ በ2011 ተመዝግቧል።

ከምሽጉ ስትወጡ አሮጌው ከተማ ይጀምራል። ጠባብ መንገድ፣ የተቀረጸ የእንጨት በር፣ የህንድ ሥራ የሆነ ሰገነት። እዚህ በባጃጅ ሳይሆን በእግር ነው። አመሻሽ ላይ ወንዶች በረዥም የነሐስ ጀበና፣ ከሥሩ ከሰል አድርገው፣ መራራ ቡና በትንንሽ ስኒ ይሸጣሉ። ዝንጅብል አለበት። አጠገቡ ሐልዋ ይበላል። እማዬ ይህን ቡና ቀምሳ ምን እንደምትል ለመስማት ቸኩያለሁ። ለጾምም አገሩ ምቹ ነው። የእርግብ አተር በኮኮናት ወተት ተሠርቶ ማሃምሪ ከሚባለው ጣፋጭ ቂጣ ጋር ይቀርባል፤ የቁርስ ምግብ ነው፣ ሥጋም ቅቤም የለበትም። ቂጣው አንዳንድ ቤት በላም ወተት ስለሚቦካ ጠይቆ መግዛት ያስፈልጋል። ለሚበላ ሰው ደግሞ ፒላው፣ ቢርያኒና ከባሕሩ የወጣ ዓሣ ሞልቷል።

ከሞምባሳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማሊንዲ የሚወስደው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማሊንዲ ሳይደረስ ዋታሙ አለች። የባሕሩን ሌሊቶች በሙሉ እሷ ጋ አድርገናል። ብዙ ሰው ያለኝ ዲያኒ ነበር፤ ከሞምባሳ በስተደቡብ። ነጭ አሸዋዋ ዝነኛ ነው። የእኛ ጉሬዛ ዘመድ የሆኑ ዝንጀሮዎችም ዛፉ ላይ ይዘላሉ። አጠገቧ ካያ ኪኖንዶ የሚባል የተከበረ ጫካ አለ። የአካባቢው ሕዝብ ሚጂኬንዳዎች ዛፍ ሳይቆርጡ ጠብቀው ያቆዩት ነው፤ የእኛን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያስታውሳል። ዲያኒን የተውኳት ግን በአቅጣጫዋ ነው። ማየት የምፈልጋቸው የቀሩት ታሪካዊ ቦታዎች ሁሉ በሰሜን ናቸው። ዋታሙ ከፈረሰችው ከተማ ከጌዲ የምትርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ባሕርም ጌዲም በአንድ ሆቴል ይታያሉ፤ ሻንጣ መልቀምና መፍታት የለም። ከእናት ጋር ለሚጓዝ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጌዲ ጫካ ውስጥ ያለች የፈረሰች ከተማ ናት። ታላቅ መስጊድ፣ ቤተ መንግሥት፣ ዓምድ የቆመባቸው መቃብሮች፣ የውሃ ጉድጓዶች፣ በየቤቱ መታጠቢያና መጸዳጃ። አንዱ መቃብር ላይ በ1399 የሚውል የሂጅራ (የእስልምና አቆጣጠር) ዓመት ተቀርጾበታል። ከአፈሩ የቻይና ሸክላና የቬኒስ ጨሌ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ሀብት የነበራት ከተማ በ17ኛው መቶ ዘመን ባዶ ሆነች። የጉድጓዶቹ መድረቅ፣ የንግዱ ወደ ሌላ መዛወር፣ ከሰሜን የመጣ ጥቃት ተብሎ የተለያየ ምክንያት ይሰጣል። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ፖርቱጋሎች እዚያው አጠገብ ማሊንዲ ተቀምጠው ሳለ ጽሑፎቻቸው ይህችን ከተማ አያነሷትም።

ጌዲ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በ2024 ነው። በዚያው ጉባኤ የእኛ መልካ ቁንጥሬና ባልጪትም ተመዝግበዋል። ልጆቹን መልካ ቁንጥሬ ስለወሰድናቸው ይህን ሲሰሙ የራሳቸው ጉዳይ አደረጉት። እነሱን ከዚያ በላይ የሚይዛቸው ግን ግንቡን ሰንጥቀው የበቀሉት ትልልቅ ዛፎችና ፍርስራሹ ላይ የሚሯሯጡት ጦጣዎች ይሆናሉ። ምግብ በእጅ ይዞ መግባት አይመከርም፤ ይነጥቃሉ። መንገዱ ሜዳና ጥላ ስለሆነ እማዬም ሳትቸገር ትዞረዋለች።

አሁን ወደ ባሕሩ። እኛ የሐይቅ ሰዎች ነን፤ ሐይቅ ጠዋትም ማታም እዚያው ነው። ያ ባሕር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየገፋ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በኬንያ ዳርቻ አራት ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ዋና ልብሱን ለብሶ ሲወጣ ውሃው ሩቅ ሸሽቶ ድንጋይና ሣር ይጠብቀዋል። "ፎቶው ላይ ያለው ባሕር የት ሄደ?" ብሎ ይበሳጫል። ባሕሩ የትም አልሄደም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይመለሳል።

እቅዴ ሁሉ የተስተካከለው የዚያን ወር የባሕር ሰንጠረዥ ካየሁ በኋላ ነው። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ ሞምባሳ ወይም ማሊንዲ ብሎ መፈለግ ነው። ጠዋት ባሕሩ በሚሸሽበት ቀን ጌዲ እንሄዳለን፣ ሲሞላ ውሃ ውስጥ እንገባለን። ጠዋት በሚሞላበት ቀን ተቃራኒውን እናደርጋለን። ከዚህ በኋላ ከባለቤቴ ጋር የምንከራከርበት ነገር አልቀረም። ውሃው ራሱ ተራ አወጣልን። ሽሽቱ ደግሞ የራሱ ደስታ አለው። እማዬ ዋና አትችልም፤ ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲሆን ግን ጠንካራ ጫማ አድርጋ ልጆቹን ይዛ ትሄዳለች። በየድንጋዩ ጉድጓድ ውስጥ የቀሩ ትንንሽ ዓሣዎች፣ ሸርጣንና ኮከብ የመሰሉ ፍጥረቶች ይታያሉ። ጫማው ግዴታ ነው፤ እሾሃማ የባሕር ፍጥረት አለ።

የዋታሙ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ በ1968 የተከለለ ነው፤ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከሥሩ መስታወት ያለው ጀልባ አለ። ሳይዋኙ ኮራሉንና ባለ ቀለም ዓሣዎቹን ማየት ይቻላል፤ ለእማዬ ያሰብኩት እሱን ነው። ጀልባው የሚወጣበትን ሰዓት ስትቀጣጠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። የስዋሂሊ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ካለ የእኛው 3 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን በፈረንጅ ይቆጥራል። የባቡሩ ትኬትና የባሕሩ ሰንጠረዥም በፈረንጅ ነው። ደግማችሁ ጠይቁ። ዋጋም ሳትሳፈሩ ተስማሙ። ዳርቻው ላይ ጀልባ፣ ጌጣጌጥና ጉብኝት የሚሸጡ ወጣቶች ይከቧችኋል። ኑሯቸው ነው። በጨዋ ደንብ "አሁን አልፈልግም" ማለት ይበቃል።

ማሊንዲን የያዝኳት ለግማሽ ቀን ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በሚያዝያ 1498 ሞምባሳ ደርሶ ፊት ነሱት፤ ማሊንዲ ግን ተቀበለችው። ሁለቱ ከተሞች ተፎካካሪዎች ነበሩ። ወደ ህንድ የሚያሻግረውን መሪ ያገኘው እዚህ ነው። የፖርቱጋል ድንጋይ መስቀል የተተከለበት ዓምድ ባሕሩ ዳር፣ ሾጠጥ ብሎ በወጣ አለት ላይ አለ። ፖርቱጋሎች ከቅመማ ቅመሙ ጋር የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነበር። ቄስ ዮሐንስ የሚሉትን ክርስቲያን ንጉሥ፣ ማለትም የእኛን አገር። ከ43 ዓመት በኋላ የዚያው ሰው ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ጠመንጃ ያዥ ይዞ በምጽዋ በኩል ኢትዮጵያ ገባ። በ1542 ወፍላ ላይ ከኢማም አሕመድ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፤ ተማርኮ ተገደለ። በዚያው ዓመት ወደ ህንድ የሚያልፈው ኢየሱሳዊ ሰባኪ ፍራንሲስ ዣቪዬር ማሊንዲ አርፎ ነበር። ትንሿ የፖርቱጋሎች ጸሎት ቤት ዛሬም ከነመቃብሯ አለች። የአባት ዓምድ ማሊንዲ፣ የልጅ ሽንፈት ትግራይ። ለእኔ ይህ ዓምድ ከማንኛውም የባሕር ዳር ፎቶ ይበልጣል።

ላሙን ከእቅዱ ያወጣኋት እያዘንኩ ነው። በ2001 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት። መኪና የማይገባባቸው መንገዶች፣ ሸክም የሚያመላልሱ አህዮች፣ ሸራ የወጠሩ ጀልባዎች፣ ሼላ የሚባል ረዥም አሸዋ። ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው ኢየሱሳዊ በ1624 ወደ ኢትዮጵያ በየብስ ለመሻገር የሞከረው ከእሷ አጠገብ ካለችው ከፓቴ ደሴት ተነስቶ ነው፤ አልተሳካለትም። ዛሬ ደግሞ ከእሷ ማዶ ያለው አዲሱ ወደብ ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር እንዲያገናኝ የታሰበ ነው። ነገር ግን ከማሊንዲ ወደ ላሙ የሚወስደው የመኪና መንገድ የጸጥታ ችግር ሲያነሳ የቆየ ነው። ከቤተሰብ ጋር አልሞክረውም። በአውሮፕላን ከናይሮቢ ይሄዳል፤ ከዚያም በጀልባ ይሻገራል። ለስድስት ሰው ይህን መጨመር ወጪውንም ድካሙንም ያበዛዋል። ላሙ የብቻዋ ጉዞ ትሁን፤ ልጆቹ ከፍ ሲሉ።

የቀሩትን በአጭሩ። ቢጫ ካርድ ያዙ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። የባሕሩ ዳርቻ የወባ አገር ነው። ደገኛ ሰው ሐኪም አማክሮ መከላከያ ይያዝ፣ አጎበር ያለው ክፍል ይምረጥ። ፌስታል ኬንያ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ሻንጣችሁ ውስጥ ጫማ የጠቀለላችሁበትን ሳይቀር አውጡት። የውጭ ምንዛሬ ለመግዛት ባንኩ ፓስፖርትና ትኬት ስለሚያይ ትኬቱን ቀድሞ መቁረጥ ይሻላል። የባሕር ፓርኩ መግቢያ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ በካርድ ወይም በስልክ ነው። በአሮጌው ከተማ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። የእማዬ ነጠላ ለዚያ አገር ፀሐይም ለአክብሮቱም የተሠራ ይመስለኛል።

አሁን ያልተቆረጠ አንድ ነገር አለ። የመጨረሻዋን ሌሊት ዋታሙ እንደር ወይስ ወደ ሞምባሳ እንመለስ? ዋታሙ ካደርን ለጠዋት በረራ በሌሊት መነሳት አለብን። ሞምባሳ ካደርን አንድ የባሕር ከሰዓት እናጣለን። ባለቤቴና ልጆቹ ዋታሙ ብለዋል። እኔ የነሐሱን ጀበና አስቤ ሞምባሳ ብያለሁ። ድምፁ ተከፍሏል፤ እማዬ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትቆርጥልናለች።